ቆጣሪው ለምን ይሮጣል?

የወር ደመወዝ በሚከፈልበት ሰሞን በየግቢው የሚነሣው ክርክር ስለ ቤት ኪራይ ብቻ አይደለም፤ ስለ መብራት ሂሳብም ነው። «ባለፈው ወር ይህን ያህል አልከፈልንም፤ የዛሬው ከየት መጣ?» የማይል ቤተ ሰብ ጥቂት ነው። ጠቡ የሚበረታው ግን አራት አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ በሚገለገልበት ግቢ ነው። እንዲህ ባለው ግቢ የሚኖሩት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተማሪዎችና ሥራ የጀመሩ ወጣቶች ስለሆኑ፥ ነገሩ ይህን ገጽ የሚያነቡትን በቀጥታ የሚነካ ነው።

ምርመራውን ከመጀመር አስቀድሞ የተደባለቁ ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ያስፈልጋል። የጨመረው ብሩ ነው ወይስ ኪሎዋት ሰዓቱ? ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የከፈለውን ብር ነው። ብሩ ግን ቤቱ ምንም ሳይለወጥ ሊጨምር ይችላል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ ከፍ እንዲል ተወስኗል። ስለዚህ አንድ ሰው የዘንድሮውን ብር ካምናው ብር ጋር ቢያስተያይ፥ ያስተያየው ዋጋን እንጂ አጠቃቀሙን አይደለም። የቆየ ደረሰኝ ያለው ሰው ብሩን ትቶ የኪሎዋት ሰዓቱን ቁጥር ይመልከት። በካርድ የሚሞላም ቢሆን በገዛው መጠንና ባለቀበት ቀን መካከል ያለውን ጊዜ ይቁጠር።

እዚህ ላይ «ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ ኤሌክትሪክ መርከስ ሲገባው ለምን ተወደደ?» የሚል ጥያቄ በየመሥሪያ ቤቱ ይሰማል። ጥያቄው አያስነውርም። ነገር ግን ውሃው በነጻ ቢወርድም፥ ኃይሉን ከጉባ እስከ አዲስ አበባ የሚያደርሰው ሽቦ፥ ትራንስፎርመሩና ቆጣሪው በነጻ አይገኙም። ከዕቃው ብዙው ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ሲሆን፥ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የብር ዋጋ እጅግ ወርዷል። ጭማሪው ሊያስከፋ ይችላል፤ ምክንያት የለውም ለማለት ግን አይቻልም።

ኪሎዋት ሰዓቱ ራሱ ጨምሮ ከተገኘ ግን ምክንያቱ ከቤት ውስጥ ይፈለጋል። በአንድ የማውቀው ግቢ የሆነውን ልንገራችሁ። ግቢው አራት ቤተ ሰብ የሚኖርበት፥ ቆጣሪውም አንድ ብቻ ነው። ሂሳቡ ሲያሻቅብ የቤቱ ባለቤት ጥርጣሬያቸውን የጣሉት በጓሮ ክፍል በሚኖረው ወጣት ጸሐፊ ላይ ነበር። «የኔ ልጅ፥ ያች ስቶቭህ ናት የምታስከፍለን» ይሉታል። እሱም «እትዬ፥ እኔ ሻይና ሽሮ ነው የማበስልባት» እያለ ይከራከራል። በመጨረሻ እርሳስና ወረቀት ይዘው ተቀመጡ። እንዲህ ያለውን ጠብ ከወረቀት በቀር ሌላ ሽማግሌ አይፈታውም።

ሂሳቡ ከባድ አይደለም። 1,000 ዋት የሚስብ ዕቃ አንድ ሰዓት ሲሠራ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። የጸሐፊው ስቶቭ 1,000 ዋት ሆኖ በቀን ግማሽ ሰዓት ቢሠራ በወር 15 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የእንጀራ ምጣዱ ግን ወደ 3,500 ዋት ይስባል። አራቱ ቤተ ሰብ በየፊናቸው በሳምንት ሁለት ሁለት ጊዜ፥ በእያንዳንዱም ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ይጋግራሉ። ይህ በሳምንት 12 ሰዓት፥ 42 ኪሎዋት ሰዓት ሲሆን፥ በወር 180 ያህል ይደርሳል። ተከሳሹ ስቶቭ ከምጣዱ አንድ አሥራ ሁለተኛውን ብቻ ያህላል ማለት ነው።

የምጣዱን ኃይል ብዙዎቻችን አንገምተውም። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀውና በዘመኑ እንደ ታላቅ ሥራ የታየው የቆቃ ኃይል ማመንጫ የተተከለ አቅሙ 43,200 ኪሎዋት ነው። ይህም 12,300 ምጣድ በአንድ ጊዜ ቢጣድ የሚጨርሰው ኃይል ነው። በዓል ዋዜማ ማታ የመብራቱ ድምቀት ለምን እንደሚቀንስ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ኃይሉ ሲዳከም ምጣዱም ቶሎ አይግልም፤ ጋጋሪዋም ብዙ ትቆያለች።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ምጣዱ እስኪግል የሚጠፋው ነው። ሸክላው እስኪሞቅ 15 ደቂቃ ይፈጃል ብንል፥ በሳምንት ስምንት ጊዜ ሲጣድ ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ እንጀራ ሳይወጣ ያልፋል። ይህ በወር 30 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ የጸሐፊውን ስቶቭ እጥፍ። እናቶቻችን አንዷ ስትጨርስ ጎረቤቷ በጋለው ምጣድ ሊጧን ይዛ ትመጣ የነበረው የማገዶውን ዋጋ ስለሚያውቁ ነው።

ከምጣዱ ቀጥሎ የሚመረመረው ቦይለር ነው። ሌት ተቀን በርቶ የሚተው ቦይለር ማንም ሳይታጠብበት እንኳ የቀዘቀዘውን ውሃ ደጋግሞ ያሞቃል። በሩ በደንብ የማይገጥም አሮጌ ፍሪጅም ሞተሩ ዕረፍት አያገኝም። አምፖል በዛሬው ጊዜ ብዙ የሚያስወቅስ አይደለም፤ ዘጠኝ ዋት የምትስበው አዲሲቱ አምፖል የቀድሞዋን የ60 ዋት አምፖል ያህል ታበራለች።

«ቆጣሪው ራሱ ተበላሽቶ ቢሆንስ?» የሚል አይጠፋም። ይህም ይፈተናል። በቤቱ ያለው ሁሉ ከሶኬት ተነቅሎ፥ አምፖሉም ጠፍቶ ቆጣሪው መቁጠሩን ከቀጠለ፥ ወይ የተረሳ ዕቃ አለ፥ ወይ ሌላ ሰው የቀጠለው ሽቦ አለ፥ ወይም ኃይል ወደ መሬት የሚያፈስ የተላጠ ገመድ አለ። የመጨረሻው ለሕይወትም አደገኛ ስለሆነ ባለሙያ መጥራት እንጂ በገዛ እጅ መነካካት አይገባም። ዋናው ማብሪያ ማጥፊያ ተዘግቶም የሚቆጥር ከሆነ ግን ጉዳዩ የአገልግሎት መሥሪያ ቤቱ ነው። ካልሆነም ኃይሉ የተጻፈበትን አንድ ዕቃ ብቻ አብርቶ በሰዓት መያዝ ነው፤ 2,000 ዋት ሳያቋርጥ የሚስብ ዕቃ በ30 ደቂቃ አንድ ኪሎዋት ሰዓት መቁጠር አለበት። የምጣድን ኃይል ለዚህ ፈተና መተማመኛ ማድረግ አይቻልም፤ ብዙው በየመንደሩ የሚሠራ ስለሆነ የኃይሉ ልክ አይጻፍበትም።

በኔ አስተያየት እውነተኛው በደል ያለው በዕቃው ሳይሆን በቆጣሪው መጋራት ነው። ታሪፉ አጠቃቀሙ በበዛ ቁጥር ዋጋው ከፍ እንዲል ሆኖ በደረጃ የተከፈለ ነው። በ2011 ዓ.ም. ተጀምሮ ለአራት ዓመት በተፈጸመው ጭማሪ መጨረሻ ላይ፥ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው የመጀመሪያው ደረጃ ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ገደማ ሲሆን፥ ከ500 በላይ ያለው 2 ብር ከ48 ሳንቲም ደርሶ ነበር። ዝቅተኛው ደረጃ የታሰበው ለድኃው ነው። ነገር ግን በየግላቸው 45 ኪሎዋት ሰዓት የሚፈጁ አራት ቤተ ሰቦች በአንድ ቆጣሪ ሲገቡ 180 ሆነው ከ100 በላይ ወዳለው ሦስተኛ ደረጃ ይወጣሉ። ለድኃ የታሰበው ቅናሽ የራሱ ቆጣሪ ላለው ሰው ይቀራል፤ ያጣው ግን የሀብታም ዋጋ ይከፍላል። ታሪፍ የሚያጠኑ ሰዎች ይህን ሊያዩት ይገባል፤ በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ወጣት ሠራተኞችም ከራሳቸው ኪራይ ቤት ያውቁታልና ቢናገሩ ይደመጣሉ።

በዚያ ግቢ የመጋገሪያው ቀን ማክሰኞና ቅዳሜ ሆኖ አንዱ ቤተ ሰብ ሲጨርስ ሌላው እንዲቀጥል ተስማሙ፤ በሳምንት ስድስት ጊዜ ምጣድ ማሞቅ ቀረላቸው። ይህም በወር ከ22 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ያተርፋል። እትዬም ለተከራዮቹ የየራሳቸው ቆጣሪ እንዲገባላቸው ማመልከቻ እንዲጻፍላቸው ጠየቁ። የጻፈላቸው ያው የተጠረጠረው ጸሐፊ ነው።