የድሮኑ ባለቤት ማነው? ከፓሪሱ ፊርማ እስከ ኩታበር ሰማይ

በሰኔ 2017 ፓሪስ ላይ በተካሄደው የአውሮፕላን ትርዒት ሁለት የጦር መሣሪያ አምራቾች ተፈራረሙ። አንዱ የባይራክታር ድሮን ሠሪው የቱርኩ ባይካር ነው። ሌላው የጣሊያኑ ሊዮናርዶ ነው። እኩል በእኩል፣ 50 በ50 ተካፍለው «ኤልቢኤ ሲስተምስ» የሚባል የሽርክና ኩባንያ አቋቋሙ። መቀመጫው ጣሊያን ነው። ሥራው ሰው አልባ አውሮፕላን መሥራትና መሸጥ።

«ታዲያ ይሄ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። እስቲ ቀስ ብለን እንየው። እኛ ኩታበር ላይ ሆነን ቀና ስንል የምንሰማው ድምፅ ፋብሪካ አለው። ፋብሪካው ባለቤት አለው። ባለቤቱ ደግሞ ሸሪክ፣ ባንክ፣ ፓርላማና ሕግ አለው። ስለ ድሮን ስናወራ «መጣ፣ ሄደ፣ መታ» ብቻ እንላለን። ማን ሠራው፣ ማን ሸጠው፣ ማን አተረፈበት የሚለውን ግን አንጠይቅም።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በእኛ አቆጣጠር ናቸው። በፈረንጅ ሲሆን «እ.ኤ.አ.» እንላለን።)

🔹 ነገሩ ወደ እኛ የመጣው እንዴት ነው?

ነሐሴ 12 ቀን 2013 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አንካራ ሄደው ከፕሬዚዳንት ኤርዶዋን ጋር ተገናኙ። የዚያን ቀን ከተፈረሙት ስምምነቶች አንዱ ወታደራዊ ትብብር ነበር። ከዚያ ቁጥሩን ተመልከቱት። እ.ኤ.አ. በ2020 ቱርክ ለኢትዮጵያ የሸጠችው የመከላከያና የአቪዬሽን ዕቃ 235 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 95 ሚሊዮን ዶላር ተጠጋ። በአንድ ዓመት 400 እጥፍ ማለት ነው።

ያ ጊዜ ለእኛ ምን እንደነበር ማንም አይረሳውም። ጥቅምት 2014 ኩታበር የጦር ግንባር ነበረች። ደሴ በዚያው ወር በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ በኅዳር መጨረሻ ደግሞ ተመለሰች። ድሮን የሚለውን ቃል ብዙዎቻችን የለመድነው በዚያ ሰሞን ነው። ያኔ «የኛ ድሮን» ብሎ ያልተደሰተ ጥቂት ነው። ወረራ ላይ ያለ ሰው ከሰማይ ደራሽ ሲያገኝ ይደሰታል፤ አይፈረድበትም።

ግን መሣሪያ አንዴ ከተገዛ በኋላ ማን ላይ እንደሚዞር ቃል አይገባም። የ2014 የገና ዕለት ሌሊት ትግራይ ደደቢት ውስጥ ተፈናቃዮች የተጠለሉበት ትምህርት ቤት በድሮን ተመታ። ሂዩማን ራይትስ ዎች ቢያንስ 57 ሲቪሎች መሞታቸውን ዘግቧል። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ጦርነቱ አማራ ክልል ገባ። ኅዳር 20 ቀን 2016 ከእኛ በስተሰሜን ደላንታ፣ ወገልጤና ላይ፣ በሆስፒታል ግቢ ውስጥ የነበረ አምቡላንስ በድሮን ተመታ። ቢያንስ 4 ሲቪሎች ሞቱ። አምቡላንስ ነው፣ በሆስፒታል ግቢ ውስጥ።

🔹 አንድ ድሮን፣ ብዙ ባለቤት

«ባይራክታር» ስንል አንድ ዕቃ ይመስለናል። ግን ብትንትን ብናደርገው ቢያንስ አራት ባለቤት ይወጣዋል።

▪️ አውሮፕላኑ፦ የባይካር ነው። ባይካር የቤተሰብ ኩባንያ ነው፤ አክሲዮኑ ገበያ ላይ አይሸጥም። መሥራቹ ኦዝደሚር ባይራክታር እ.ኤ.አ. በ1984 ሲጀምሩት የመኪና መለዋወጫ አምራች ነበር። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ2021 አረፉ። ዛሬ ልጃቸው ሃሉክ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ሌላው ልጃቸው ሰልጁክ ደግሞ የቴክኖሎጂ ኃላፊው። ሰልጁክ የፕሬዚዳንት ኤርዶዋን ልጅ ባል ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ 1.8 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ሽያጭ ወደ ውጭ ማድረጉን ራሱ ተናግሯል።

▪️ ቦምቡ፦ «ማም-ኤል» ይባላል፤ 22 ኪሎ ነው። ሠሪው ሮኬትሳን የሚባል ሌላ ኩባንያ ነው። ከግማሽ በላይ ድርሻው የቱርክ ጦር ኃይሎች ፋውንዴሽን የሚባል ድርጅት ነው። ደደቢት ላይ የተገኘው ስብርባሪ የተመሳሰለው ከዚህ ቦምብ ጋር ነው።

▪️ ሞተሩ፦ ቲቢ2 የሚባለው ዓይነት ሮታክስ በሚባል የኦስትሪያ ሞተር ሲበር ኖሯል። ሮታክስ ደግሞ ቢአርፒ የሚባል የካናዳ ኩባንያ ንብረት ነው። ቢአርፒ የሚታወቀው በበረዶ ላይና በውሃ ላይ በሚነዳ የመዝናኛ ሞተር ነው። አክሲዮኑ ቶሮንቶ ገበያ ላይ ይሸጣል። ቶሮንቶ ያለው ዘመዳችሁ የጡረታ ገንዘቡ በዚያ በኩል ካለፈ፣ ሳያውቀው ባለድርሻ ሊሆን ይችላል።

▪️ ዓይኑ፦ ካሜራው ድሮ ዌስካም ከሚባል የካናዳ አምራች ይመጣ ነበር። የዌስካም ባለቤት ኤልስሪ ሃሪስ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ነው። አሁን አሰልሳን የሚባለው የቱርክ ኩባንያ ተክቶታል። እሱም ከድርሻው 74 በመቶ ገደማው የዚያው የጦር ኃይሎች ፋውንዴሽን ነው።

ስለዚህ «ቱርክ ሸጠችልን» ብሎ መዝጋት አይቻልም። አንድ ቤተሰብ፣ አንድ የጦር ፋውንዴሽን፣ ኦስትሪያ ያለ ፋብሪካ፣ ካናዳ ያለ የአክሲዮን ገበያ ሁሉም እጃቸው ነክቶታል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ። በሰማይ የሚያልፈው ሁሉ ባይራክታር አይደለም። አየር ኃይላችን ከቱርኮቹ ቲቢ2 እና አኪንጂ ሌላ የቻይና ዊንግ ሉንግም አለው፤ አሜሪካ ደግሞ ኢራን ለኢትዮጵያ ድሮን ማቅረቧን በጥቅምት 2014 በይፋ ተናግራለች። የቻይናው ሠሪ የመንግሥት ድርጅት ነው። የኢራኑም እንዲሁ። ፌስቡክ ላይ እያንዳንዱን ጥቃት «ባይራክታር» ብሎ መለጠፍ ለተጎጂው አይጠቅምም። ደደቢት የተለየው ስብርባሪው ስለተመረመረ ነው። በድምፅ ሳይሆን በማስረጃ።

🔹 ሽርክናው ለምን አስፈለገ?

ባይካር ገንዘብ አጥቶ አይደለም። የጎደለው የአውሮፓ በር ነው። አውሮፓ ውስጥ ለመሸጥ የአውሮፓ የብቃት ማረጋገጫ፣ የአውሮፓ ፋብሪካ፣ የአውሮፓ ሸሪክ ያስፈልጋል። ሊዮናርዶ ደግሞ ራዳርና ኤሌክትሮኒክስ አለው፤ ርካሽና ቶሎ የሚመረት ድሮን ግን አልነበረውም። የሊዮናርዶ ሰዎች የአውሮፓ የሰው አልባ አውሮፕላን ገበያ በ10 ዓመት ውስጥ 100 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል ብለው ገምተዋል። በቃ፣ ሁለቱም የጎደላቸውን ለመሙላት ተጋቡ።

ባይካር ሌላ ነገርም አድርጓል። ፒያጆ ኤሮስፔስ የሚባለውን የጣሊያን አውሮፕላን ሠሪ ጠቅልሎ ገዝቷል። ፒያጆ የአቡዳቢው የመንግሥት ፈንድ ሙባዳላ ንብረት ነበር። በ2011 ተንገዳግዶ የጣሊያን መንግሥት በሾማቸው አስተዳዳሪዎች ስር ወደቀ። በታኅሣሥ 2017 ባይካር ገዢ ሆኖ ተመረጠ። ከአቡዳቢ ወደ ኢስታንቡል፤ ፋብሪካው ግን ጣሊያን ውስጥ።

አሁን ዋናው ነጥብ ይመጣል። ሊዮናርዶ እንደ ባይካር የቤተሰብ አይደለም። 30 በመቶ ገደማው የጣሊያን መንግሥት ነው፣ የቀረው ሚላን ገበያ ላይ ይሸጣል። ጣሊያን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ «ሕግ 185» የሚባል አላት። ከባድ የሰብዓዊ መብት ጥሰት ለሚፈጸምባቸው አገሮች መሣሪያ መላክን ይከለክላል። መንግሥትም በየዓመቱ ለማን ምን እንደፈቀደ ለፓርላማ ሪፖርት ያቀርባል። ጣሊያን የዓለም አቀፉ የመሣሪያ ንግድ ስምምነት አባል ናት። ቱርክ ስምምነቱን ፈርማለች፣ ግን አላጸደቀችውም።

ይሄ ሽርክና ለኢትዮጵያ ድሮን ሸጠ እያልን አይደለም። እያልን ያለነው፣ እስከ ዛሬ አንካራ ላይ በአንድ ጠረጴዛ ያልቅ የነበረ ሽያጭ፣ ጣሊያን የሚሠራ ዕቃ ከሆነ የጣሊያን ፈቃድ ሊጠየቅበት ነው። ይሄ መልካም ዜና ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ሽርክና ሁለት መልክ አለው፤ ሕግ ያለበትን አገር ያመጣል፣ ሕጉ ሲጠብቅ ደግሞ ምርቱን ሕጉ ወደላላበት ሸሪክ ያሸሻል። በዚያ ላይ ራሱን ሕግ 185ን የሚያላላ ማሻሻያ በጣሊያን ፓርላማ ሲያከራክር ቆይቷል።

🔹 ጣሊያን ስንል ወሎ ዝም አይልም

ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። በዚያ ጦርነት ጣሊያን ካሰለፈቻቸው ቦምብ ጣዮች አንዱ ሳቮያ ማርኬቲ 81 ነበር፤ ቅጽል ስሙ በጣሊያንኛ «የሌሊት ወፍ» ማለት ነው። የሠራው ኩባንያ በኋላ ሲያይ ማርኬቲ ተባለ። ተሸጠ፣ ለኤርማኪ ተላለፈ፣ ኤርማኪ ደግሞ ፊንሜካኒካ ውስጥ ገባ። ፊንሜካኒካ ስሙን ሲቀይር ምን ሆነ? ሊዮናርዶ።

ይህን የምናነሳው ቂም ለመቆስቆስ አይደለም። የዛሬ ሠራተኛ የ1928ን ዕዳ አይከፍልም። ግን የመሣሪያ ኩባንያ ስሙን ይቀይራል፣ ይሸጣል፣ ይጋባል እንጂ አይሞትም። የሚሞተው የተመታው ብቻ ነው። በ1928 ደሴ ሆስፒታል፣ በ2016 ወገልጤና ሆስፒታል። በመካከሉ 88 ዓመት።

🔹 «እኛም እንሥራ» መልስ ይሆናል?

በ2017 ስካይዊን የሚባል የድሮን ፋብሪካ በአገራችን ተመርቋል። ብዙ ወጣት ኮርቷል። መሥራት መቻል ክፉ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ፈረንጆቹን ይዘው ሴባስቶፖልን አስቀልጠው መቅደላ ድረስ አስጎትተዋል። መድፉ ዛሬም እዚያው ከእኛ ማዶ አለ። ግን እንግሊዞች በሚያዝያ 1860 የመጡት ከኋላ በሚጎርስ አዲስ ጠመንጃ ነበር። ብረቱ የእኛ ነበር፣ እውቀቱ ግን የሌላ።

የዛሬውም ጥያቄ ያው ነው። ድሮኑ እዚህ ቢገጣጠም ሞተሩ የማን ነው? ዲዛይኑ የማን ነው? ከውጭ ሸሪክ ጋር ከሆነ ድርሻው ስንት ነው? ሂሳቡን ማን ይመረምራል? ሜቴክን አንርሳ። በኅዳር 2011 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሜቴክ ያለ ጨረታ 37 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የውጭ ግዢ መፈጸሙን ሲናገር አገር ጉድ አለ። «የመከላከያ ምስጢር ነው» የሚል መጋረጃ ሲኖር መጀመሪያ የሚደበቀው ምስጢሩ ሳይሆን ሌባው ነው።

🔹 ምን ማድረግ ይቻላል?

ትንሽ አይደለም። በመስከረም 2013 ካናዳ የድሮን ካሜራ ሽያጭን ወደ ቱርክ አገደች፤ በሚያዝያ ጭራሽ ፈቃዶቹን ሰረዘች። ለምን? በናጎርኖ ካራባክ ጦርነት ካሜራዋ ከተፈቀደለት ዓላማ ውጭ ጥቅም ላይ መዋሉን ስላረጋገጠች። ቢአርፒም ሞተሩ በእነዚያ ድሮኖች ላይ እንዳለ ሲነገረው በጥቅምት 2013 አጠቃቀማቸው ግልጽ ላልሆነ አገሮች ማቅረብ አቆመ። ይህ ሁሉ የሆነው ስብርባሪ ስለተገኘና ባለቤቱ ስለተጠራ ነው። እርግጥ ቱርክ ካሜራውን በራሷ ተካች። ሰንሰለቱ ግን ሲጎተት ይንቀሳቀሳል።

ለዚህ ነው «የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከንቱ ያልሆነው። አባቶቻችን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። የእኛ አጥር የተነቀነቀው ማንም ደረሰኙን ስለማይጠይቅ ነው። ይህ ለአንድ ወገን ብቻ የሚባል አይደለም፤ ታጣቂዎች የሚይዙት ክላሽም ፋብሪካ አለው፣ ሲቪል ሲመታበት ያው ወንጀል ነው።

አንድ አደራ አለን። ስብርባሪ ማስረጃ ነው ስንል አንሱት ማለታችን አይደለም። በኩታበርና በዙሪያው ከ2014 ጦርነት የተረፈ ያልፈነዳ ነገር ሊኖር ይችላል። አትንኩ፣ ልጆች አታስጠጉ። ከሩቅ ፎቶ፣ ቀን፣ ቦታ መዝግባችሁ ያዙ፤ የተጎጂ ፊትና ስም ግን ያለ ፈቃድ አትለጥፉ።

ሮም ላይ ፓርላማ በየዓመቱ የሚቀርብለት ሪፖርት አለ። አዲስ አበባ ላይ የእኛ ፓርላማ ድሮን ስንት ተገዛ፣ ከማን፣ በምን ውል ብሎ በይፋ የሚጠይቅበት ቀን መቼ ነው? የወረዳችን ተመራጭ ለስብሰባ ሲመጣ ከመንገዱና ከውሃው ጥያቄ ጎን ይቺንም ጨምሩባት።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ከላይ ከተነሡት ባለቤቶች መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የትኛው ነው?

ለሚያነብ ጓደኛ ሼር አድርጉት 🙏