አሻራውን የሚያወጣው ኬሚካል፣ የሚፈርደው ግን ሰው ነው

ባገራችን መጻፍ ያልተማረ ሰው በፊርማ ፈንታ የጣቱን አሻራ እያተመ ሲዋዋል ኖሯል። ከዚህም የተነሣ አሻራ ከተገኘ ክርክር ያበቃ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ነገር ግን በውል ላይ ሆነ ተብሎ የታተመ አሻራና ወንጀል በተፈጸመበት ስፍራ የተገኘ አሻራ አንድ አይደሉም እንላለን።

ይህ ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ ለዓይን አይታይም። ጣት በላቡና በወዙ የነካውን ያትማል፤ ኬሚስቱም እንደ ዕቃው ጠባይ መድኃኒቱን ይመርጣል። ወረቀት ላብ ስለሚመጥጥ በኒንሃይድሪን ይነከራል፤ ይኸውም በላብ ውስጥ ካለው አሚኖ አሲድ ጋር ተዋሕዶ ሐምራዊ ቀለም ይሰጣል። ሩሄማን የተባለው ሊቅ ይህን ነገር ያገኘው በ1910 ሲሆን፣ ለአሻራ እንዲውል ሁለት ስዊድናውያን ያሳሰቡት በ1954 ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ወረቀቱን ውሃ ከነካው ግን አሚኖ አሲዱ ይታጠባልና ኒንሃይድሪን አይረዳም። ፕላስቲክና መስተዋት ላብ ስለማይመጥጡ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ በሱፐር ግሉ እንፋሎት ይታጠናሉ፤ እንፋሎቱም በአሻራው መስመር ላይ ነጭ ሆኖ ይረጋል።

እስከዚህ ድረስ ሥራው የሚደነቅ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ2004 በማድሪድ ባቡሮች ላይ ቦምብ በፈነዳ ጊዜ የፈንጂ ማቀጣጠያ በያዘ የፕላስቲክ ከረጢት ላይ አሻራ ተገኘ። የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ ሊቃውንት አሻራው የአንድ የኦሬጎን ጠበቃ ነው አሉ። የስፔን ፖሊስ አይመሳሰልም ቢልም ሰውየው ታስሮ ሁለት ሳምንት ቆየ። በመጨረሻ እስፔኖች አሻራው የአንድ አልጄሪያዊ መሆኑን አስታወቁ፤ ጠበቃውም ተፈታ። በ2006 መንግሥት ይቅርታ ጠይቆ 2 ሚሊዮን ዶላር ከፈለው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

ኬሚካሉ ያጠፋው ነገር አልነበረም። ከጥፋቶቹ አንዱ፣ እንዲያረጋግጥ የታዘዘው ሰው የመጀመሪያውን መርማሪ ውሳኔ አስቀድሞ ማወቁ ነው። ሌላው እውነት ነው ያለውን ለመቃወም የሚደፍር ጥቂት ነውና።

ስለዚህ ሁለተኛው መርማሪ የፊተኛውን ውሳኔ ሳይሰማ ይመርምር እንላለን። ዳኛውም «አሻራው የተከሳሹ ነው» ሲባል፣ ምን ያህሉ መስመር ጠርቶ ታየ? ሌላ ማን አየው? ብሎ ይጠይቅ። ነገ በችሎትና በላቦራቶሪ የምንቀመጠው እኛው ነን። የሕግ ተማሪ ኬሚስትሪ አይመለከተኝም፣ የኬሚስትሪ ተማሪም ሕግ አይመለከተኝም ካለ፣ በመካከል የሚታሰረው ንጹሕ ሰው ነው።