ውሃ በ92 ዲግሪ ሲፈላ

አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ውሃ ጥዳ ቴርሞሜትር ብትነክርበት፣ ውሃው የሚንተከተከው 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ነው። ደብተሯ ላይ የገለበጠችው ግን 100 የሚል ነው። እጇን አውጥታ «ለምን?» ብትል ምን መልስ ታገኛለች? «ፈተና ላይ 100 ብለሽ መልሺ» እንዳትባል እንሰጋለን።

ደብተሩም ቴርሞሜትሩም አልተሳሳቱም። 100 የሚባለው በባሕር ጠለል ላይ ሲለካ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ውሃውን የሚጫነው አየር ስለሚሳሳ፣ ውሃው ያን ያህል ሳይግል ይፈላል። ሰመራ ላይ ቢለካ ወደ 98 ይጠጋል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ወደ 90 ይወርዳል። የሁለቱ ከተሞች ተማሪዎች ልኬታቸውን በመምህሮቻቸው ቴሌግራም ቢለዋወጡ፣ የአየር ግፊት ትምህርት ከሽምደዳ ወጥቶ የራሳቸው ግኝት ይሆናል። ደጋ ላይ ባቄላ ለመቀቀል ለምን ብዙ ማገዶ እንደሚፈጅም ለቤተሰብ ማስረዳት ይችላሉ።

ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ልጆች ነገር ሁሉ «ለምን?» የሚሆንባቸው ጊዜ ነው። ስለዚህ ይህ ጋዜጣ ከአጠቃላይ ሳይንስ ክፍለ ጊዜዎች ቢያንስ አንዱ በየሳምንቱ ተማሪዎች ራሳቸው ለሚያነሱት ጥያቄ እንዲሰጥ ይጠይቃል።

«ላብራቶሪ የለንም» የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን፤ ለብዙ ትምህርት ቤቶችም እውነት ነው። ነገር ግን ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያስተዋሉት ነገር ላብራቶሪ አላስፈለገውም። በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ በዝተው አዩ። (አጣቢዎቹ ይህንን ስንት ዘመን ሲያዩት ኖረው ይሆን?) ቢልሃርዝያ የሚተላለፈው በቀንድ አውጣ በኩል ነውና፣ ያቺ ምልከታ የበሽታውን መተላለፊያ በአገር በቀል ተክል የመቁረጥ ምርምር ወለደች። እ.ኤ.አ. በ1989 ከምርምር አጋራቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አስገኘችላቸው። ላብራቶሪው የተፈለገው ከጥያቄው በኋላ ነበር።

እውነተኛው እንቅፋት ፈተናው ነው። መምህሩ የሚያስተምረው በስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ላይ የሚመጣውን ነው፤ በዚህም አንወቅሰውም። ሽምደዳው የት እንዳደረሰን ግን በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አይተናል፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ትምህርት ቢሮዎች የስምንተኛ ክፍል ፈተና ላይ በቃል ጥናት የማይመለሱ ጥያቄዎች ያካትቱ። የሦስት ከተሞች ከፍታና ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በሰንጠረዥ ይሰጥና፣ የአራተኛዋ ከተማ ይገመት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሁለት ዓመት በተከታታይ ቢወጣ፣ በሦስተኛው መምህራን ያለ መመሪያ ቴርሞሜትር ያፈላልጋሉ።

ሌላው ጉዳይ ቁልፍ ነው። የሙከራ ዕቃ ያላቸው ትምህርት ቤቶችም ቢሆኑ ዕቃው እንዳይሰበር መጋዘን ውስጥ ሲቆልፉበት ይታያል። በፊርማ የተረከበው ብልቃጥ ቢሰበር ዕዳው በእኔ ላይ ይወድቃል ብሎ የሚሰጋ መምህር፣ ለ13 ዓመት ልጅ አሳልፎ ሊሰጠው አይደፍርም። መፍትሔው ብዙ በጀት አይጠይቅም፤ ብልቃጡ በንብረት መዝገብ ላይ እንደ ጠመኔ አላቂ ዕቃ ተብሎ ይስፈር።