አሸንድዬ ቅጠል እንጂ ወርቅ አይጠይቅም

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል የሁላችንም ስልክ ይበዛል። «ዘንድሮ ለነሐሴ ምን ትልኪልኛለሽ?» የምትል ታናሽ እህት የሌላት ከመካከላችን ጥቂት ናት። እኔ የላሊበላ ልጅ ነኝ፤ እኛ ጋ አሸንድዬ ይባላል። ሰቆጣና ዋግ ሻደይ ይሉታል፣ ቆቦ ሶለል፣ ትግራይ አሸንዳ። ስሙ ይለያይ እንጂ የሴት ልጅ በዓል ነው። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ለበዓሉ የምንልከውን ገንዘብ እንቀንስ፣ ለራሳችን ግን ቀኑን እንጠይቅ።

ለማታውቁት ላስረዳ። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 ጀምሮ 15 ቀን ተጾሞ በ16 ይፈታል። በዚያ ቀን ልጃገረዶች ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ ተኩለው፣ አሸንድዬ የሚባለውን ረጅም ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ ይዘው ይወጣሉ። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። ከዚያ ቤት ለቤት እየዞሩ ይጨፍራሉ፣ ባለቤቱን ያሞግሳሉ፣ የሰጣቸውን ይቀበላሉ። እስከ 21 ድረስ ይሄዳል። ዓመቱን ሙሉ «ውኃ ቅጂ፣ እንጨት ልቀሚ፣ እንጀራ ጋግሪ» ስትባል የኖረች ልጅ በእነዚያ ቀናት ማንም አያዛትም። የበዓሉ ትልቁ ቁም ነገር ለኔ ይሄ ነው።

አሁን ግን ነገሩ ወደ ልብስ እያደላ መጥቷል። አዲስ የሐበሻ ቀሚስ፣ የአንገት ወርቅ፣ ፎቶ የሚያነሳ ስልክ። ይሄ ሁሉ ከየት ይመጣል? ከሙስካት፣ ከቤይሩት፣ ከጅዳ ነው። እህቷ ዓረብ አገር ያለች ልጅ አጊጣ ከፊት ትሆናለች፤ የሌላት ያው በቅጠሏና በአሮጌ ቀሚሷ ከኋላ ትቀራለች። አስቡት እስቲ፣ ያቺ የ15 ዓመት ልጅ ማታ ቤቷ ገብታ ምን ታስባለች? ትምህርቷን? ኧረ ፓስፖርት ነው የምታስበው! ደላላ በር ድረስ መምጣት አያስፈልገውም፤ የላክነው ቀሚስ ሥራውን ሠርቶለታል። እዚህ ከሌሊቱ እስከ ሌሊቱ ቆመን መዋላችንን፣ ክፍላችን የዕቃ ማስቀመጫ መሆኑን ቀሚሱ አይናገርም። እሱ የሚናገረው ወርቁን ብቻ ነው።

«ታዲያ ቤተሰብ አይረዳ ነው የምትይው?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አይደለም። ላሊበላ በእንግዳ የምትኖር ከተማ ናት። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ለገና ካህናቱ ቤተ ማርያም ላይ ቤዛ ኩሉ ሲሉ ለማየት ከየአገሩ ሰው ይመጣል። ሆቴሉም፣ አስጎብኚውም፣ ሸማኔውም፣ ቡና አፍልታ የምትሸጠውም የዓመት ጉርሳቸው ከዚያ ነው። ኮሮና መጣ፣ ጦርነቱ ተከተለ፣ እንግዳው ቀረ። በዚያን ጊዜ ስንት ቤት በእኛ ደሞዝ እንደቆመ እኛም እነሱም እናውቃለን። ለእህል፣ ለመድኃኒት፣ ለትምህርት የሚላከው ይላክ። እኔ የምናገረው ለስድስት ቀን ጌጥ ስለሚሄደው የአንድ ወር ደሞዝ ነው። ያ ገንዘብ ከበዓሉ ልታተርፍበት ለምትችል ልጅ ቢላክ ይሻላል። ለበዓል እንግዳ ቡና ለምታፈላ ጀበናና ስኒ ይሆናል፤ ጥጥ ለምትፈትል እናት የጥጥ መግዣ ይሆናል። በዓሉ ካለፈ በኋላም ቤት ውስጥ ይቀራል።

አሁን ወደ እዚህ ልምጣ። በነሐሴ ሙስካት እሳት ናት፤ ባለቤቶቻችን ብዙዎቹ 1,000 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ሰላላ ይሄዳሉ። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ እዚያ ኸሪፍ ነው፤ ካፊያ፣ ጉም፣ አረንጓዴ ተራራ። ሕፃን ይዛችሁ የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ፣ ልክ የወሎ ክረምት ነው። በዓላቸውም፣ ጭፈራቸውም፣ ገበያቸውም አለ። አልከፋም፤ ደስ ይበላቸው። ነገር ግን «ወቅቱ ካለፈ አለፈ ነው» ብሎ ይህን ያህል መንገድ የሚሄድ ሰው የእኛም ወቅት እንደሚያልፍ ቢነገረው አይገባውም ማለት ይከብደኛል። ችግሩ ብዙዎቻችን ነግረነው አለማወቃችን ነው። ሰንብተን የበዓሉ ዋዜማ ላይ አኩርፈን ስንውል ማዳም ምን ታውቃለች?

ስለዚህ አጠያየቁ ላይ ልምከር። አንደኛ፣ በፈረንጅ ቀን ንገሩ። ነሐሴ 16 ማለት ኦገስት 22 ነው፤ በየዓመቱ አይለዋወጥም፣ ስልካቸው ላይ ሊመዘግቡት ይችላሉ። ሁለተኛ፣ ከወር በፊት ጠይቁ። ሦስተኛ፣ ለውጥ አቅርቡ፦ ለዒድ ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ እኔ አለሁ፣ ለኔ በዓል አንድ ቀን ስጡኝ። አራተኛ፣ ኮንትራት ስታድሱ ከደሞዙ ጋር ይህችን ቀን አብራችሁ አንሱና በጽሑፍ ትግባ። ሙስሊም እህቶቼም ይሄ የእናንተም ጉዳይ ነው። ዒድ ለአገሩ ሁሉ የዕረፍት ቀን ነው፤ ለእናንተ ግን ድስቱ የሚበዛበት ቀን ነው። የወሎዋ መውሊድን፣ የሐረሯ ሹዋሊድን ትናፍቃለች። ሹዋሊድ እኮ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ዓለም የመዘገበውን በዓል ባለቤቷ አንድ ቀን ፈቃድ ብትጠይቅበት ነውር የለውም።

ፈቃድ የተከለከለች እህት ግን በዓል ነው ብላ ሳትናገር ከቤት እንዳትወጣ። ጠፋች ብለው ካመለከቱባት ጣጣው ከአንድ ቀን ጭፈራ በላይ ነው። ለእሷ እኛ እንደውልላት፤ ከበሮውን በስልክ ትስማ፣ ድርሻዋም ይቀመጥላት።

ቀኑ ከተገኘ ማክበሩ ቀላል ነው። አዳራሽና ዲጄ አያስፈልግም። ሩዊ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ጠዋት ይሳለሙ። ፀሐይ ከገባች በኋላ ማትራህ ባሕሩ ዳር እንገናኝ፤ መቀመጫው ነጻ ነው። ከገበያው የሚመጣው የዕጣን ሽታ ራሱ አገር ቤት ያደርሳል። መንገድ ላይ ከበሮ መምታት ግን ይቅር፣ ሰው አናስቸግር፤ በጭብጨባና በዝግታ ይበቃናል። ቅጠሉ ባይገኝ ከምትሠሩበት ግቢ የተቆረጠ የተምር ቅጠል ሰንጥቆ ማሰር ይቻላል። ሲነሳ ያለው አሸንድዬ ያው ቅጠል ነበር።

በሚቀጥለው ስብሰባችን ሁለት ነገር እንወስን እላለሁ። የበዓል ልብስ ገንዘብ ከዚህ አይበልጥም የሚል የጋራ ጣሪያ፣ እና ነሐሴ 16ን ለመጠየቅ የሚረዳ በዓረብኛ የተጻፈ አጭር ወረቀት። ጣሪያው የጋራ ከሆነ «እህትሽ ንፉግ ናት» የሚል አይኖርም፤ «ማኅበራችን ወስኗል» እንላለን። የማትስማማ ካለችም መጥታ ትናገር፣ እንስማት። ታናናሾቻችን ግን ከእኛ ወርቅ ይልቅ እውነቱን ቢያውቁ ይሻላቸዋል፦ እነሱ ማንም የማያዛቸው ስድስት ቀን አላቸው፣ እኛ ደግሞ አንዷን ለማግኘት እየለመንን ነው።