«ብርድ መታኝ» የበሽታ ስም አይደለም

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለራሴ ጥፋት ነው።

ነገሩን ያነሳው ኔዘርላንድስ የሚኖር አንድ ተከታታያችን ነው። «ዶክተር፣ በዚህ ቅዝቃዜ የሳይክሎክሮስ ውድድር ልመዘገብ ነው፤ ቤተሰብ ግን ብርዱ ሳንባህን ይመታዋል እያሉ አስጨነቁኝ። ምን ትለኛለህ?» አለኝ። አጭሩ መልሴ፦ ግባበት። ረጅሙ መልስ ግን እኔን ራሴን ሦስት እሁድ አሳስሎኛልና ታገሱኝ።

ሳይክሎክሮስ ምንድነው ለምትሉ፦ የብስክሌት ውድድር ነው፣ አስፋልት ላይ ግን አይደለም። ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ዙር በሣር፣ በጭቃና በአሸዋ መሀል ይዘጋጅና እሱን ደጋግማችሁ ትዞራላችሁ። ሆን ተብሎ የተጋደሙ ጣውላዎች አሉ፣ ደረጃ አለ። እዚያ ስትደርሱ ወርዳችሁ ብስክሌቷን ትከሻችሁ ላይ አድርጋችሁ ትሮጣላችሁ፣ ከዚያ ዘላችሁ መልሳችሁ ትወጣላችሁ። ወቅቱ አውሮፓ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ ነው። ቤልጂየምና ኔዘርላንድስ ውስጥ ሕዝቡ ጭቃ ውስጥ ቆሞ የሚጮህለት ስፖርት ነው፤ ቫውት ቫን አርትና ማቲዩ ቫን ደር ፑል ከዚሁ ጭቃ የወጡ ናቸው። የአማተሩ ውድድር አብዛኛውን ጊዜ 40 ደቂቃ አካባቢ ነው። አጭር ይመስላል አይደል? ችግሩ ከመጀመሪያው ደቂቃ አንስቶ በሙሉ አቅም መሆኑ ነው። ልብ አፍ ላይ ትመጣለች፣ ትንፋሽ በአፍንጫ አይበቃም።

ለሥልጠና ቤልጂየም፣ ጌንት ከተማ በነበርኩበት ጊዜ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጎትቶ አስገባኝ። 3 ዲግሪ፣ ካፊያ፣ ጭቃ። ከመጨረሻ አራተኛ ወጣሁ (እባካችሁ ኮሜንት ላይ አትሳቁብኝ)። ውድድሩን ስጨርስ ደህና ነበርኩ። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ግን ደረቅ ሳል ያዘኝ። ደረቴ ጥብቅ አለ፣ ስተነፍስ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ይሰማኛል። እናቴ በስልክ ሳሌን ሰማች። «አንተ ልጅ፣ በዚህ ብርድ ጭቃ ውስጥ ምን ልትሠራ ገባህ? ብርድ መቶሃል!» አለችኝ። እኔስ? ሐኪሙ? «አዎ እማዬ፣ ብርድ መታኝ» ብዬ ከአዲስ አበባ በሻንጣዬ ይዤው የሄድኩትን አሞክሲሲሊን ጀመርኩ።

አዎ። ሕመምተኞቼን «አንቲባዮቲክ ያለ ትእዛዝ አትውሰዱ» የምለው እኔ።

በሚቀጥለው እሁድ እንደገና ተወዳደርኩ፣ እንደገና ያው ሳል። በሦስተኛው እሁድ አብራን የምትወዳደር ነርስ አየችኝና «ሳልህ ሁልጊዜ ውድድሩ ካለቀ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ነው የሚጀምረው፣ ማታ የለም። ባክቴሪያ ሰዓት ያያል እንዴ?» አለችኝ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

የነበረብኝ በስፖርት ጊዜ የሚመጣ የአየር ቧንቧ መጥበብ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ቁጭ ብለን ስንተነፍስ አፍንጫችን አየሩን ያሞቀዋል፣ ያረጥበዋል። በኃይል ስንሠራ ግን በአፍ በደቂቃ 100 ሊትርና ከዚያም በላይ አየር እናስገባለን። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ የሚይዘው እርጥበት በጣም ትንሽ ነው፤ ውጭ ካፊያ እየጣለም ቢሆን ማለቴ ነው። ስለዚህ ሳንባ ውስጥ ሲገባ የጎደለውን ውኃ ከቧንቧዎቹ ግድግዳ ይወስዳል። ግድግዳው ሲደርቅ ይቆጣል፣ በዙሪያው ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፣ ቧንቧው ይጠባል። ብዙ ጊዜ የሚብሰው ካቆማችሁ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች ሲሆን በ30 እና በ60 ደቂቃ መሀል እየለቀቀ ይሄዳል። አስም ያለበት ሰው ላይ ይበዛል፣ አስም የሌለበትም ላይ ይመጣል። በበረዶ ላይ ተንሸራታቾች ዘንድ በጣም የታወቀ ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ይኼ ነው፦ እዚያ ውድድር ላይ ሁሉም ሰው ስለሚስል ማንም አይጠይቅም። የጭቃው ሳል ብለው ይሳሳቁበታል። እኛ ደግሞ «ብርድ መታኝ» ብለን እንዘጋዋለን። ሁለቱም ስም ያው አንድ ሥራ ነው የሚሠራው፤ ምርመራውን ያስቀራል። ለሳንባ ምች፣ ለአስም፣ ለጉንፋን፣ ለልብ ሕመም፣ ለሁሉም አንድ ስም ካለን የቱን ነው የምናክመው? ሳንባ ምችን የሚያመጣው ጀርም ነው። ብርዱ ብቻውን አያመጣውም።

ምርመራው ከባድ አይደለም። ስፓይሮሜትሪ በሚባል መሣሪያ ከስፖርት በፊትና በኋላ ትነፋላችሁ፤ በመጀመሪያው አንድ ሰከንድ የምታወጡት አየር 10 በመቶና ከዚያ በላይ ከቀነሰ መልሱ ተገኘ ማለት ነው። የእኔ ቀነሰ። ሕክምናውም አለ፣ ግን ከጓደኛችሁ ፓፍ ተውሳችሁ አይደለም! ሳልቡታሞል ፓፍ ለጊዜው ይከፍታል። ደጋግሞ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ግን ውስጡ ያለው ቁጣ አልታከመም ማለት ስለሆነ ሐኪም ሌላ የሚሳብ መድኃኒት ሊያዝላችሁ ይገባል።

ያለ መድኃኒት የሚረዳ ነገርም አለ። ከውድድሩ በፊት ሰውነትን በደንብ ማሟሟቅ፣ በመሀሉም አጫጭር የኃይል ሩጫ ማስገባት ብዙ ሰዎችን ለአንድ ሁለት ሰዓት ያህል ከመጥበቡ ይከላከላል። አፍና አፍንጫን በስስ ጨርቅ መሸፈን ደግሞ የራሳችሁን ሙቀትና እርጥበት መልሶ ይሰጣችኋል። (ይኼ ለእንጦጦ ወዳጆችም ነው። ከኅዳር እስከ ጥር በንጋት 3,000 ሜትር አካባቢ ላይ የምትነዱትና የምትሮጡት አየር ቀዝቃዛም ደረቅም ነው። «እንጦጦ ወጥቼ ብርድ መታኝ» ያላችሁኝ ሰዎች፣ አስታወሳችሁ?)

አሁን ወደ ፍጻሜው መስመር። እኔ በበኩሌ ከውድድሩ ይልቅ የምፈራው ከሱ በኋላ ያለውን ሃያ ደቂቃ ነው። እየነዳችሁ ሳለ ጡንቻችሁ ምድጃ ነው። ስትቆሙ ምድጃው ይጠፋል፣ ልብሱ ግን እስከ ውስጥ ሱሪ ድረስ ርሷል። ውኃ ከአየር ይልቅ 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ሙቀት ይወስዳል። ሰው ግን ምን ያደርጋል? ቆሞ ስለ ውድድሩ ያወራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ድንኳን ውስጥ ይገባና ቢራ ወይም ጄኔቨር የሚሉትን የነሱን አረቄ ይይዛል። አረቄ ያሞቃል የሚለው እምነት እዚያም አለ፣ እኛም ጋ አለ። እውነቱ ግን አረቄ የቆዳን የደም ሥሮች ይከፍትና ሙቀቱን ወደ ውጭ ያወጣዋል። ቆዳችሁ ይሞቃል፣ ውስጣችሁ ይበርዳል። ከጓደኞቻችሁ መሀል መንቀጥቀጡ ያላቆመ፣ ምላሱ የተሳሰረ፣ ዚፑን መክፈት ያቃተው ካለ አትሳቁበት። እርጥቡን አውልቁለት፣ በደረቅ ጠቅልሉት፣ ሙቅ ጣፋጭ ሻይ ስጡት። እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወይም ግራ ከተጋባ አምቡላንስ ጥሩ።

ትኩሳት ካለባችሁ ውድድር የለም፣ በቃ። ቫይረስ አንዳንዴ የልብን ጡንቻ ይነካል፤ በዚያ ላይ ሙሉ አቅም መጨመር ልብን በድንገት ሊያቆም ይችላል። ደም ግፊት፣ ስኳር ወይም በቤተሰብ የልብ ሕመም ካላችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት ታዩ። ብርድ የደም ሥርን ያጠብባል፣ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል። እየነዳችሁ ደረታችሁ ላይ ሸክም እንደተጫነ ከተሰማችሁ ወይም ሕመሙ ወደ ክንድና መንጋጋ ከሄደ ያ የአየር ቧንቧ ነው ብላችሁ አትገምቱ። ውረዱ፣ እርዳታ ጥሩ።

እና የኔዘርላንድሱ ወንድሜ፣ ከመመዝገብህ በፊት የቤተሰብ ሐኪምህ ጋ ሄደህ ትንፋሽህን ተለካ። የውድድሩ ቀን ደግሞ ደረቅ ካፖርት፣ ኮፍያና የሻይ ፔርሙስ ይዞ ፍጻሜው ላይ የሚጠብቅህ አንድ ሰው መድብ፤ ዚፑን የሚከፍትልህም እሱ ነው፣ ጣቶችህ እሺ አይሉህም።

እናቴ እስካሁን ስልክ ስትዘጋ «ጋቢህን ደርብ» ትለኛለች። በሱ እንኳ ተስማምተናል፣ ደረቅ እስከሆነ ድረስ።