ያገለገለ ዌጅ ዋጋው የሚነበበው ከፊቱ ነው

በጎልፍ ስፖርት ኳሱን ከአጭር ርቀት ከፍ አድርጎ ወደ ጉድጓዱ ለማቅረብ የሚያገለግለው፣ ፊቱ ወደ ኋላ በጣም የተጋደመው መምቻ ዌጅ ይባላል። ስፖርቱ በስፋት በሚዘወተርባቸው እንደ አሜሪካና ብሪታንያ ባሉ አገሮች ያገለገሉ ዌጆች ከአዲሶቹ ባነሰ ዋጋ ይሸጣሉ። አቅሙ ውሱን የሆነ ጀማሪ ወደዚህ ገበያ መሄዱ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ሻጩም ገዢውም ዕቃውን የሚመዝኑት ብዙውን ጊዜ በአምራቹ ስምና በብረቱ አንጸባራቂነት ነው። እኛ ይህ መመዘኛ የተሳሳተ መሆኑን፣ ትክክለኛውም በቀላል የፊዚክስ ዕውቀት ሊገኝ እንደሚችል እናምናለን።

«ብረት ምን ይሆናል?» የሚለው አስተሳሰብ ለአንዳንድ መምቻዎች ይሠራ ይሆናል። ኳሱን በአጭር ሣር ላይ እያንከባለለ ወደ ጉድጓዱ የሚሰደው ፓተር ለብዙ ዓመታት ቢያገለግል ከብቃቱ የሚቀነሰው ጥቂት ነው። በዌጅ ግን ሥራውን የሚሠራው አካልና የሚያልቀው አካል አንድ ነው፤ እርሱም ፊቱ ነው።

በዌጅ ፊት ላይ ትይዩ የሆኑ ቀጫጭን ቦዮች ተቀርጸዋል። ኳሱና ብረቱ የሚነካኩት ከሰከንድ አንድ ሺሕኛ ላነሰ ጊዜ ሲሆን፣ በዚህች ቅጽበት የሚፈጠረው ሰበቃ ኳሱን ወደ ኋላ ያሽከረክረዋል። ሽክርክሪቱም ኳሱ መሬት ሲያርፍ ርቆ እንዳይንከባለል ይገታዋል። ብዙዎች ቦዮቹ ኳሱን እንደ ጥርስ ነክሰው የሚያሽከረክሩት ይመስላቸዋል። ዋናው ተግባራቸው ግን ውኃንና የተጨፈለቀ ሣርን ከመካከል ማስወገድ ነው። ነገሩ ከመኪና ጎማ ጋር ይመሳሰላል፦ ጥርሱ ያለቀ ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ መንገዱን ይዞ ይሄዳል፤ ዝናብ ሲጥል ግን ይንሸራተታል። ቦዩ ያለቀ ዌጅም ጉድለቱ የሚታወቀው ጤዛ ባለበት ማለዳና በረጅም ሣር ውስጥ ነው። ስለዚህ በደረቅ ቀን ጥቂት ኳሶችን መትቶ «ደህና ነው» ማለት በቂ ፈተና አይደለም።

ቦዮቹን የሚበላቸው ኳሱ ብቻ አይደለም። በብዙ አሸዋ ውስጥ የሚገኘው ኳርትዝ በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ላይ የተቀመጠ ሲሆን፣ ብዙ ዌጆች ከሚሠሩበት ለስላሳ አረብ ብረት ይጠነክራል። ተጫዋቹ ከአሸዋ ውስጥ ኳስ ባወጣ ቁጥር የቦዮቹ ጠርዝ ጥቂት በጥቂት ይሞረዳል። በአንጻሩ ሆን ተብሎ ያለ ክሮም ልባጥ የሚሠሩ ዌጆች ቶሎ ይዝጋሉ፤ ይህ ዝገት ግን ማለቃቸውን አያመለክትም። ላይ ላዩን ዝጎ ቦዩ ያልተነካ ዌጅ፣ ተወልውሎ ከሚያብረቀርቀውና መካከሉ ከላመው እጅግ ይሻላል።

እንግዲህ ገዢው ምን ያድርግ? በመጀመሪያ ፊቱን አጽድቶ ጥፍሩን ቦዮቹን እያቋረጠ ያንሸራትት። ኳስ የሚያርፍበትን መካከለኛ ክፍል ኳስ እምብዛም ከማይነካው ጫፍ ጋር ያነጻጽር። ጥፍሩ በጫፉ እየተያዘ በመካከሉ ያለ እንቅፋት የሚያልፍ ከሆነ ዌጁ ዕድሜውን ጨርሷል።

ቀጥሎ ማዕዘኑን ይመርምር። ፒቺንግ ዌጅ ወደ 46፣ ሳንድ ዌጅ ወደ 56፣ ሎብ ዌጅ ወደ 60 ዲግሪ ይጋደማል። ገዢው በእጁ ያለውን ፒቺንግ ዌጅ ዲግሪ አስቀድሞ አውቆ፣ በዌጆቹ መካከል ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ልዩነት እንዲኖር ቢመርጥ መልካም ነው። የቀድሞው ባለቤት ለራሱ እንዲስማማው አስጎብጦት ሊሆን ስለሚችል፣ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ ከማመን በመሣሪያ ማስለካት ይበጃል።

ሦስተኛው ግርጌው ነው። አሜሪካዊው ጂን ሳራዘን የሳንድ ዌጁን ግርጌ ብረት ጨምሮ በማወፈር አሸዋ ውስጥ እንዳይሰምጥ አደረገውና፣ እ.ኤ.አ. በ1932 በዚሁ መሣሪያ እየተጫወተ የብሪታንያን ኦፕን አሸነፈ። ባውንስ የሚባለው ይህ የግርጌ ማዕዘን ከ10 ዲግሪ ሲበልጥ ለለስላሳ አሸዋና ለረጠበ መሬት፣ ወደ 5 ዲግሪ ሲወርድ ለደረቅና ጠንካራ ሜዳ ይስማማል።

ያለቁ ቦዮችን መልሶ መሞረድ መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2010 መጀመሪያ ወዲህ ለተሠሩ፣ 25 ዲግሪና ከዚያ በላይ ለሚጋደሙ መምቻዎች ሕጉ የቦዩ ጠርዝ ራዲየስ ከ0.254 ሚሊሜትር እንዳያንስ ያዛል። በእጅ የተሞረደ ቦይ ከዚህ ወሰን በቀላሉ ይወጣል። ከዚያ ዓመት በፊት የተሠራ ዌጅ የሚገዛ ተወዳዳሪም በውድድሩ የሚፈቀድ መሆኑን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ሻጮችም ከአምራቹ ስም ይልቅ የፊቱን ሁኔታ በቅርብ የሚያሳይ ፎቶግራፍና የተለካ ዲግሪ ቢያቀርቡ ፍትሐዊ ግብይት ይሆናል። ይህ ካልሆነ ግን ያለቀውን ብረት በውድ ዋጋ የሚገዛው፣ ገንዘቡ አነስተኛ የሆነውና ኳሱ የማይቆምለት በራሱ ስንፍና የሚመስለው ጀማሪ ነው። ከዚህ ኪሳራ የሚያድነው ውድ ዕቃ ሳይሆን፣ ጥፍርና ጥቂት የሰበቃ ዕውቀት ነው እንላለን።