ሃይላንዱ ከመታዘዙ በፊት

የጎዳና ሩጫ ባለቀ ቁጥር አንድ ፎቶግራፍ አይጠፋም፤ ባለ ሰደርያ ወጣቶች መጥረጊያና ማዳበሪያ ይዘው አስፋልቱን ሲያጸዱ። ወጣቶቹ ምስጋና ይገባቸዋል። ሩጫው አካባቢን መጉዳት አለመጉዳቱ የሚወሰነው ግን በጽዳቱ ሰዓት ሳይሆን ከወራት በፊት፣ ግዢው ሲፈጸም ነው። የተጠረገው ሁሉ የሆነ ቦታ መራገፉ አይቀርም፤ አዲስ አበባ ደግሞ የዚህን ዋጋ በ2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ሲሞት አይታዋለች።

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ1994 ዓ.ም. ሲጀመር የተሳታፊው ቁጥር 10 ሺህ ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ40 ሺህ አልፏል። በዚህ ስፋት ላለ ሩጫ በመንገድ ላይ ለሰው ሁለት ሁለት ሃይላንድ ይታደላል ብለን እናስላ። 80 ሺህ ጠርሙስ ነው፤ ባዶው 15 ግራም ቢመዝን 12 ኩንታል ፕላስቲክ ይወጣዋል። ሯጩ ከዚያ ውስጥ አንድ ሁለቴ ይጎነጫል፣ ጥቂቱን አናቱ ላይ ያፈሳል፣ የቀረውን ይጥላል። የዓለም አትሌቲክስ የጎዳና ውድድር ደንብ የሚጠይቀው በመነሻና በመድረሻ፣ በመካከሉም በየ5 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ውሃ እንዲኖር ነው፤ ውሃው በግማሽ ሊትር ጠርሙስ ይታሸግ አይልም። እንደ ታላቁ ሩጫ በኅዳር ብርድ ለሚሮጥ 10 ኪሎ ሜትር አንድ በደንብ የተደራጀ የመሀል ጣቢያ ይበቃል። ለንደን ማራቶን በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከባሕር አረም የተሠራ፣ የሚዋጥ የስፖርት መጠጥ ከረጢት አድሎ ብዙ ተወርቶለታል። የጠርሙሱን ቁጥር ከ920 ሺህ ወደ 704 ሺህ ለማውረድ ከከረጢቱ ይልቅ የረዳው ግን ማንም ፎቶ ያላነሳው ውሳኔ ነው፦ የመጠጥ ጣቢያዎቹ ከ26 ወደ 19 ተቀነሱ።

«ጠርሙሱን ቆራሌው ይለቅመዋል፣ የብዙ ሰው እንጀራም ነው» የሚል መከራከሪያ አለ። እውነትነት አለው። ነገር ግን የለቃሚው ኑሮ በዓመት በአንድ እሑድ አይቆምም፤ ከተማው በየቀኑ የሚጥልለት ሞልቷል። ተጨፍልቆ ወደ ቦይ የገባውንና ክዳኑ የተበተነውን ደግሞ እሱም አያገኘውም። ለእሱ የሚታሰብ አዘጋጅ አስቀድሞ ይዋዋለውና የቀን አበል ይክፈለው። ከዚህ የሚከብደው የጤና ጥያቄ ነው፤ ከየት እንደተቀዳ የማይታወቅ ውሃ ለሺዎች ማጠጣት አያዋጣም። መፍትሔው ከታሸገና ከሚመለስ ባለ 20 ሊትር ጃር በኩባያ መቅዳት ነው። የውሃ ፋብሪካው ስፖንሰርም አይከስርም፤ ስሙ ጃሩም ላይ ኩባያውም ላይ ይጻፍለታል። ኩባያ መሰብሰቡ ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑ አይካድም፤ ሯጭ እየሮጠ ስለሚጠጣ ማጠራቀሚያው ከጠረጴዛው አጠገብ ሳይሆን ወደፊት ራቅ ብሎ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድሮ መቆም አለበት።

በቲሸርቱ ጉዳይ የውጭዎቹን ምክር እንዳለ መቅዳት አይገባም ባይ ነኝ። ሌላ አገር «ቲሸርት አልፈልግም» የሚል አማራጭ መስጠቱ ቁም ሣጥናቸው ለሞላ ሰዎች ያስኬዳል፤ እኛ ዘንድ የሩጫ ቲሸርት ቀለሙ እስኪለቅ ይለበሳል፣ ከዚያ ለታናሽ ይተርፋል፣ በመጨረሻም መወልወያ ይሆናል። ጥፋቱ ያለው ደረቱ ላይ ዓመተ ምሕረት ማተሙ ላይ ነው። ሳይሸጥ የቀረው ለከርሞ አይሆንም፤ ሜዳሊያውም እንደዚሁ። ዓመቱ ካልተጻፈ ያምናውን ለብሶ ሳይከፍል የሚገባ ይበዛል የሚል ስጋት ይነሳል፣ ያም ተገቢ ነው። እሱን ግን በየዓመቱ የሚለወጥ የደረት ቁጥር ይከላከለዋል፤ ወረቀት ከጨርቅ ይረክሳል።

ከግዢው ሌላ የጉዞም ጉዳይ አለ፤ በትልልቅ ዓለም አቀፍ ሩጫዎች ከሁሉ የሚበልጠው የካርቦን ልቀት የሚመጣው ከተሳታፊው ጉዞ ነው። የሰፈር ሩጫ ብልጫም እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ከቤቱ በእግሩ መጥቶ በእግሩ ይመለሳል። በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው «መንገድ ለሰው» ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ ክፍት ሲሆኑ አይተናል። በእንዲህ ያለ ቀን ክፍለ ከተሞች 5 ኪሎ ሜትር ቢያሰናዱ ለሩጫው ብሎ የሚዘጋ ሌላ መንገድ፣ መንገድ ቀይሮ የሚጨናነቅ ሌላ የመኪና ሰልፍ አይኖርም፤ የሚቀረው ወጪ ጃር፣ ኩባያና የደረት ቁጥር ብቻ ይሆናል።